አያቶችን በስልክ መቅዳት፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ሦስተኛው ቅጂ

«አያቴ ብዙ ያውቃሉ፤ ሳያመልጡኝ ልቅዳቸው ብያለሁ። ስልክ አለኝ። ከየት ልጀምር?» ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከቡሬም የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይከተላል፦ «ቀድቼ ነበር፤ ግን ሁለት ሰዎች ይናገራሉ፣ የትኛው ማን እንደሆነ ጠፋኝ። ስለየትኛው ዘመን እንደሚያወሩም አልገባኝም።» ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ ከማይክሮፎን ይልቅ ስለ ስም፣ ስለ ቦታና ስለ ዓመት ሰፋ አድርጎ ይናገራል። ድምፁ ትንሽ ቢሻክር ጆሮ ይለምደዋል፤ የተናጋሪው ስም ከጎደለ ግን ኋላ የሚሞላው አይገኝም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ። ውድ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑረው። በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት)፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል ሲቀዳ አንድ ሰዓት ወደ 350 ሜጋባይት ይወስዳል።
- ክሊፕ ማይክ፦ ልብስ ላይ የሚሰካው ባለሽቦ፣ ስፖንጅ ያለው። ከስልካችሁ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። ከሌለ ስልኩ ብቻውን ይሠራል፤ አቀማመጡን ከታች እንነግራችኋለን።
- ኢርፎን። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ያለ ኢርፎን የተቀዳው ምን እንደሚመስል የምታውቁት ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ነው።
- ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ከነገመዱ።
- ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ 2 ፍሬ።
- ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተርና 2 እስክሪብቶ።
- ለቤቱ የሚወሰድ ነገር፦ ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ይበቃል። ገንዘብ አታሳዩ። ለሚሰጥ ገንዘብ ሲሉ ነገር የሚያሳምሩ አሉ፤ የሚከፋቸውም አሉ። አዝማሪና አልቃሽ ግን እንጀራቸው ስለሆነ ዋጋቸውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

1. ማንን፣ ስለ ምን እንደምትቀዱ ወስኑ

የምታውቋቸውን አዛውንት ስም በሙሉ ደብተር ላይ ዘርዝሩ። ቅደም ተከተሉን በዕድሜና በጤንነት አውጡት እንጂ በዝና አታውጡት። የመንደሩ ሁሉ «ታሪክ አዋቂ» የሆነው ሰው በየሠርጉና በየተዝካሩ ተናግሮ ቃሉን ያጠናው ነው፤ እርሱን ኋላም ታገኙታላችሁ። ጥግ ይዘው የሚቀመጡት እናት ግን ጠይቋቸው የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

ለአንድ ሰው አንድ ርእስ ያዙ፦ ስለ ቤተሰቡ ርስት፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ቆሎ ተማሪነት፣ ስለ ጋብቻቸው። «ሕይወታቸውን በሙሉ» ብሎ የተጀመረ ቀረጻ በሃያ ደቂቃ ዐፄዎቹን አዳርሶ ያልቃል።

ወራቱንም አስቡ። ከጥር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ገበሬው ፋታ ያገኛል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ሥራው ይበዛል፣ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ዝናብ ሲመታው ምንም አያስቀዳም። በጾም ወራት ከቀትር በኋላ አትሂዱ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልቀመሰ ሽማግሌ በስምንት ሰዓት ድምፁ ይደክማል።

2. መጀመሪያ ያለ መቅጃ ሂዱ

በመጀመሪያው ቀን ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ከሚያምኑት ሰው ጋር ሂዱ፤ የልጅ ልጅ፣ የንስሐ አባት ወይም የማኅበር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ለወግ ብቻ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ደብተር ይዞ ስለ መሬትና ስለ ዘር የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ገበሬው መጀመሪያ የሚያስበው ግብርና ልኬት ነው፤ ያንን ፍርሃት የሚያነሣው የሚያውቁት ሰው ቃል ብቻ ነው።

ሦስት ነገር ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ ለምን እንደምትቀዱ፣ ማን እንደሚሰማው፣ የፈለጉትን ማስቀረት እንደሚችሉ። ከዚያ ቡናውን ጠጡና ወጋቸውን ስሙ። ጥሩ ነገር ማውራት ከጀመሩ «ይቺን ለሚቀጥለው ያቆዩልኝ» በሏቸው። ሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ጣዕሙ ይቀንሳልና።

አጠራሩን በዚሁ ቀን አስተካክሉ። ቤተሰቡ በሚጠራቸው ጥሩ፦ አያ፣ አባባ፣ እማማ፣ መምሬ፣ የኔታ፣ እማሆይ። ገጠር ላይ ለትልቅ ሰው አንቱታው የታወቀ ነው፤ ዘመድ ሆናችሁ አንተ አንቺ የምትባባሉ ከሆነ ግን ለቀረጻው ብላችሁ ወደ አንቱ አትዙሩ፤ ሰውየው ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል።

3. የዓመት መሰላል አዘጋጁ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ብዙ አዛውንት ነገርን በዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም፤ «ከእገሌ በፊት»፣ «ከእገሌ በኋላ» ነው የሚሉት። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ዓመታቸው የታወቁ ነገሮችን ከላይ ወደ ታች ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ለጎጃም የሚሆን መነሻ ይኸውና፦

- 1928–1933፦ የጣሊያን ዘመን። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው።
- 1937፦ በላይ ዘለቀ የተሰቀለበት።
- 1960፦ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ገበሬው ያመፀበት።
- የካቲት 25 ቀን 1967፦ የገጠር መሬት ዐዋጅ።
- 1971፦ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት።
- 1977፦ ድርቁና ወደ መተከል (ፓዊ) የተደረገው ሰፈራ የጀመረበት ጊዜ።
- 1983፦ ደርግ የወደቀበት። ልብ በሉ፣ ጎጃም ላይ መንግሥት የተለወጠው በየካቲት ግድም ነው፤ ግንቦት 20 የአዲስ አበባው ነው። «ደርግ በወጣ ማግሥት» ሲሏችሁ ግንቦትን አትጻፉ።
- 1989፦ የመሬት ሽግሽጉ።

በዚህ ላይ የአካባቢያችሁን ጨምሩ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የተለወጠበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ድልድዩ የተሠራበት። የአጥቢያው ገበዝ ወይም አስተዳዳሪ አብዛኛውን ያውቁታል።

ሁለተኛው መሣሪያ ዘመነ ወንጌላውያን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። አሠራሩን በምሳሌ እዩት፦

«አንቱ፣ መቼ ተወለዱ?»
«እኔ ምኑን አውቄው! ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ነው ይሉኝ ነበር።»
«ዘመኑ ማን ነበር?»
«ሉቃስ። ሉቃስ ነው ስትል ሰምቻለሁ እናቴ።»

«በሁለተኛው» ሲሉ 1933ን ቆጥረው ከሆነ 1934 ነው፤ ሳይቆጥሩ ከሆነ 1935። 1934 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ ነው። 1935 ደግሞ 3 ይተርፋል፣ ሉቃስ። ስለዚህ 1935 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ከጎኑም «በዘመነ ወንጌላዊ የተሰላ» ትላላችሁ። የተሰላውን ዓመት እርሳቸው እንደተናገሩት አድርጋችሁ አትጻፉ።

4. ቦታውን ምረጡና ሞክሩ

ከሁሉ የሚሻለው ጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ድምፅ ይውጣሉ። ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ያስተጋባል፤ ሌላ ከሌለ ወለሉ ላይ አጎዛ ወይም ምንጣፍ አንጥፉ፣ በሩ ላይ ጋቢ ስቀሉ። ዛፍ ጥላ ሥር ለዓይን ያምራል፣ ለድምፅ ግን ነፋስና ወፍ ነው።

ቡናው ተወቅጦ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ሲኒው ሲሰበሰብ ጀምሩ። ሙቀጫና ሲኒ ከሰው ቃል በላይ ይሰማሉ። ዶሮዎቹን አስወጡ።

ማይኩን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ሰኩ። ጋቢ ወይም ነጠላ የደረቡ ከሆነ ከሥር አይግባ፤ ጨርቁ ሲነካው «ክርር» የሚል ድምፅ ያወጣል፣ ያም አይጠፋም። ማይክ ከሌለ ስልኩን በታጠፈ ጨርቅ ላይ፣ ከአፋቸው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ባለ ርቀት፣ የታችኛውን ቀዳዳ ወደ እርሳቸው አዙራችሁ አስቀምጡ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት እያንዳንዱን መንካት ይመዘግባል።

ከዚያ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉ፤ የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጠዋል። የባትሪ ቁጠባውንም አጥፉ። አንዳንድ ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ መቅጃውን በዝምታ ይዘጋዋል። 30 ሰከንድ ቅዱና በኢርፎን ስሙ። መቅጃው ላይ የሚታየው የድምፅ መጠን ከፍ ሲል ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይሁን፤ ቀይ ከነካ ቀንሱ። ፉከራ ወይም ቀረርቶ ሊመጣ ነው ብላችሁ ስታስቡ ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቁት። በለስላሳ ወግ የተስተካከለ መጠን «ዘራፍ!» ሲባል ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በምንም አይጠገንም።

5. ፈቃድና መክፈቻ

ፈቃዱ በቀረጻው ውስጥ ይሰማ። መፈረም ለሚከብዳቸው ሰዎች ከወረቀት ይልቅ ይህ ይሻላል፣ ከድምፁም ተለይቶ አይጠፋም። መጀመሪያ እናንተ እንዲህ በሉ፦

«ዛሬ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ያለሁት በእገሌ ወረዳ፣ በእገሌ ቀበሌ፣ በእገሌ ማርያም አጥቢያ፣ ከእገሌ ቤት ነው። የምቀዳው እኔ እገሌ ነኝ። አብሮን ያለው እገሌ ነው።»

ከዚያ እርሳቸው ሙሉ ስማቸውን ከነአያት፣ የክርስትና ስማቸውን (ከፈቀዱ) እና መቀዳታቸውን መፍቀዳቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ማን ይስማው የሚለውን አራት አማራጭ አቅርቡላቸው፦ ማንም ይስማው፤ ቤተሰብ ብቻ፤ ከሞትሁ በኋላ፤ ይህን ክፍል ማንም አይስማው። በቤቱ ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ ስሙን ይናገር፤ ኋላ ድምፅን ከድምፅ የምትለዩት በዚህ ነው።

አጥቢያውን ለምን እንደምንጨምር ለሚጠይቁ፦ ቀበሌ ይታጠፋል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ወረዳ ለሁለት ይከፈላል፤ ታቦቱ ግን እዚያው ነው። የድሮውን አውራጃም ጻፉ፤ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድር እያሉ የሚናገሩት በዚያ አከፋፈል ነው። መንቆረር ሲሉ ደብረ ማርቆስን ነው፤ ሁለቱንም ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በድብቅ አትቅዱ፤ «ለታሪክ ነው» የሚለው ሰበብ አያድንም። አንድ ጊዜ በድብቅ የተቀዳ ሰው መኖሩ ከተሰማ በዚያ መንደር ሁለተኛ የሚናገራችሁ የለም።

6. አጠያየቅ

«ስለ ጣሊያን ዘመን ይንገሩኝ» ካላችሁ ትምህርት ቤት የተማራችሁትን መልሰው ይነግሯችኋል። ሰው ሲያስታውስ የሚይዘው ቦታን፣ ዕቃንና ሰውን ስለሆነ በዚያ በኩል ግቡ፦

- «ጣሊያን መጣ ሲባል የት ሆነው ሰሙ? ማን ነገረዎት?»
- «የዚያን ጊዜ ቤታችሁ በየት በኩል ነበር? በሩ ወዴት ይዞር ነበር?»
- «ግብር ስንት ነበር? በምን ነበር የሚከፈለው?»
- «ለሠርግዎ ምን ለበሱ? ማን ሰፋው?»

በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። መልሱ ሲያልቅ ወዲያው አትቀጥሉ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ሰው ሲያወራ «እህ… እህ… ወይ ጉድ!» ማለት ልማዳችን ነው፤ ቀረጻ ላይ ግን ያ ሁሉ ቃላቸውን ይሸፍነዋል። በዓይንና በራስ ንቅናቄ መልሱ።

የሚከተለውን ጥያቄ ግን ደጋግማችሁ ጠይቁ፦ «ይህን አንቱ አይተውታል ወይስ ሲባል ነው የሰሙት?» ከሰሙት፣ ከማን? በአማርኛ ወግ ውስጥ ያየውና የሰማው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቀላል። በ1960 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ያየውን ሊነግራችሁ ይችላል፤ ስለ ጣሊያን የሚነግራችሁ ግን የአባቱን ነው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፣ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። ደብተራችሁ ላይ በየነገሩ ጎን «ያ» (ያየው) ወይም «ሰ» (የሰማው) እያላችሁ ምልክት አድርጉ።

የድሮ መስፈሪያ ወይም ገንዘብ ሲጠራ መጠኑን አስነግሩ። ቃዳ፣ ጥማድ፣ ቁና፣ ዳውላ፣ ጠገራ ብር ዛሬ የሚገባው ሰው ቢኖርም ነገ አይኖርም፤ ቁና ደግሞ ከገበያ ገበያ ይለያያል። «የእናንተ ቁና ዛሬ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የፈረስ ስምም እንዲሁ ነው፤ «አባ ኮስትር» ካሉ በላይ ዘለቀን ነው፤ የአካባቢውን ባላባቶች የፈረስ ስም ግን ከእርሳቸው በቀር የሚፈታላችሁ ላይኖር ይችላል።

ቅኔ ወይም ግጥም ካወረዱ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ቅዱ። ከዚያ ወርቁን ጠይቁ፤ ለማንና በምን ምክንያት እንደተባለም እንዲሁ። ሰሙ ብቻ የተቀዳ ቅኔ ለልጅ ልጅ እንቆቅልሽ ነው። ሙሾ ከፈለጋችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ለቅሶ በሌለበት ሙሾ ማውረድን ብዙ እናቶች እንደ ሟርት ያዩታል። ግጥሙን በወግ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፣ ዜማውን እርሳቸው ከወደዱ ብቻ።

ባልና ሚስትን ለየብቻ ቅዱ። አንድ ላይ ሲሆኑ እርሱ ይናገራል፣ እርሷ «እንዳለው ነው» ትላለች። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ጠለፋ ለመጠየቅ ሴት ጠያቂ ይሻላል። በአዊ በኩል አገውኛ የሚቀናቸውን በአማርኛ አታስጨንቁ፤ በቋንቋቸው ይናገሩ፣ ትርጉሙን ኋላ ለብቻው አስቀዱ።

በየ30 ደቂቃው ቀረጻውን አስቁሙና አዲስ ፋይል ጀምሩ። ስልኩ በድንገት ቢጠፋ ያልተዘጋ የዌቭ ፋይል አልከፈት ሊል ይችላል፤ በዚህ አሠራር የምታጡት ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። በጠቅላላው ከ90 ደቂቃ አትለፉ፤ ሲደክሙ ስሞች ይቀላቀላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ነገሮች ሰው ይጎዳሉ። አንዱ ደም ነው፦ ገዳዩ በስሙ ከተጠራ የልጅ ልጆቹ ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ድንበር ነው፦ «ያ ማሳ የእገሌ አባት ነበር» የሚል ቀረጻ ነገ ለክርክር ይቀርባል። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ደቂቃውን መዝግቡና ያንን ፋይል ለብቻው «ዝግ» በሉት። ወሬው ወደ ዛሬው ጉዳይ ከዞረ ደግሞ መቅጃውን አጥፉ። ስልክ በመንገድ ላይ ከማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

የሚያለቅሱ ከሆነ በችኮላ አታጥፉ፣ ጥያቄም አትጨምሩ። ጠብቁ፤ «እንተወው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሉትን አድርጉ።

7. ከመነሣታችሁ በፊት

ፎቶ አንሡ፦ ባለታሪኩን፣ ቤቱን፣ ወሬ የተነሣበትን ዕቃ። የድሮ ወረቀት (የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር ጽሑፍ፣ ደብዳቤ) ካወጡ እዚያው በበር ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ወረቀቱን ይዛችሁ አትሂዱ። ላሚኔት ይደረግ፣ በስኮች ይለጠፍ ብላችሁም አትምከሩ፤ ሁለቱም ኋላ ሲላቀቁ ጽሑፉን ይዘው ይነሣሉ። የቤተ ክርስቲያን ብራና ከሆነ ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ ፎቶም አይነሣም።

የድሮ ፎቶግራፍ ካለ ከግራ ወደ ቀኝ የእያንዳንዱን ሰው ስም አስነግሩና ያንንም ቅዱ።

8. በዚያው ሌሊት፦ ስምና ሦስት ቅጂ

«ነገ አደርገዋለሁ» የተባለ ፋይል ከሳምንት በኋላ «ሪከርዲንግ 47» ሆኖ ይገኛል። ለፋይሉ ቁጥር ብቻ ስጡ፦ 2017-05-14_01_1። የመጀመሪያው ቀኑ ነው (ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ 05)፣ ቀጥሎ የባለታሪኩ ቁጥር፣ መጨረሻው የፋይሉ ተራ። የሰው ስም ፋይል ላይ አታድርጉ፤ አንዳንድ መሣሪያ የግዕዝ ፊደል ሲያይ ስሙን ያበላሸዋል፣ ምስጢርም አይጠብቅም። ስሙ በደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። ስልኩ በራሱ የሚመዘግበው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያው ቀረጻ በስልኩ ላይ 2025-01-22 ይላል። አንዱን አቆጣጠር ያዙና ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ቅጂ ሦስት ይሁን፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት። ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ ሦስተኛውን ቅጂ ለኢንተርኔት ብቻ አትተዉ፤ ሁለተኛውን ካርድ በሰው እጅ ላኩት። በቴሌግራም መላክ ካስፈለገ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ የድምፅ መልእክቱ ድምፁን ጨምቆ ይልካል። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ካርዱን ከመሰካት ተቆጠቡ፤ ፋይሎችን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሦስቱም ቅጂዎች መጠናቸው እኩል መሆኑን አይታችሁ፣ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ሰምታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ከስልኩ ላይ አጥፉት። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም ከፍታችሁ ስሙ፤ ሳይነካ የተቀመጠ ፍላሽ ዝም ብሎ ይሞታል።

9. ማውጫ፣ ከዚያ ጽሑፍ

የአንድ ሰዓት ቀረጻ ቃል በቃል ለመጻፍ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማውጫ ብቻ ሥሩ፦

00፡00 መክፈቻ፣ ፈቃድ
04፡10 ትውልድ፣ አጥቢያ፣ የእናት ወገን
11፡40 ግብር ሊተምኑ የመጡ ሰዎች፣ 1960 (ያ)
19፡25 አያታቸው ስለ ጣሊያን የነገሯቸው (ሰ)
26፡00 ግጥም፣ ከነወርቁ

ይህ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ቀረጻውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተፈላጊ ያደርገዋል። ከዚያ ዋና ዋናውን ክፍል ቃል በቃል ጻፉ። ስትጽፉ ወደ አዲስ አበባ አማርኛ አትቀይሩት፤ «ሄድሁ» ያሉትን «ሄድኩ» አታድርጉት። ያልተሰማችሁን አትገምቱ፣ «[አልተሰማም 12፡45]» ብላችሁ እለፉ። በዩኒኮድ ጻፉ፤ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ካለቀ አትሙት፤ አይጥና ምስጥ በማይደርስበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ከፍላሽ ይቆያል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ክርክር፦ «አይ አባባ፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም።» ከዚህ በኋላ የሚነግሯችሁ እናንተ የምትፈልጉትን ነው። የዓመት ስሕተት ቢኖርም በማስታወሻ ጻፉት እንጂ አታርሟቸው።
- ሰው ማብዛት፦ አምስት ሰው በተቀመጠበት ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ። በጋራ መጫወት ስሞችን ለማሰባሰብ ይጠቅማል፤ ቀረጻው ግን ለብቻ ይሁን።
- ቪዲዮ ብቻ መቅረጽ፦ ፋይሉ ይከብዳል፣ ማይኩ ይርቃል፣ ሰውየውም ወደ ካሜራው ይናገራል። አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ለመልክ፣ የቀረው በድምፅ።
- ድምፅን «ማጽዳት»፦ ዋናውን ፋይል አትንኩ። በቅጂው ላይ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

10. መመለስና ማስረከብ

በሁለት ወር ውስጥ ተመልሳችሁ አብራችሁ ስሙት። እርማት ካላቸው እርማቱንም ቅዱ፤ ተጨማሪ ፋይል ይሁን እንጂ የድሮውን አትሰርዙ። አንድ ቅጂ በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ተዉላቸው። «ይህቺን አውጣልኝ» ካሉ ከሁሉም ቅጂ ላይ አውጡ፤ ሦስተኛውን ቅጂ ለያዘው ዘመድም ያንኑ ቀን ደውሉ።

ስብስባችሁ አሥር፣ ሃያ ሰው ሲደርስ ለተቋም መስጠት ይቻላል፦ ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር)። ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፦ የት ይቀመጣል፣ ማን ይሰማዋል፣ «ዝግ» የተባሉት እንዴት ይጠበቃሉ። ዋናውን አትስጡ፤ ቅጂውን፣ ማውጫውንና የፈቃዱን ዝርዝር አንድ ላይ አድርጋችሁ አስረክቡ፣ የተረከበው ሰው ስምና ቀን ያለበት ወረቀትም ተቀበሉ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አመሳክሩ።